ለቫልቭ ሬዲዮ ጫጫታ ምን ይገዛል? ከምን አለሽ ተራ እስከ ፒያሳ የተፈተሹ ዕቃዎች

አሮጌ ባለ ቫልቭ (በሚሞቅ የመስታወት ቱቦ የሚሠራ) ሬዲዮ ተጠግኖ፣ ሣጥኑ ተወልውሎ፣ ጣቢያ መግባቱን የሚያሳየው አረንጓዴ ዓይኑ ሲበራ ደስ ይላል። መካከለኛ ሞገድ (ኤ ኤም) ላይ ሲደረግ ግን በጣቢያ ፈንታ የንብ መንጋ ይሰማል። ይሄኔ ብዙ ሰው ወይ ሬዲዮውን መልሶ ይፈታል፣ ወይ ገበያ ወጥቶ «ፊልተር» የተባለውን ሁሉ ይሸምታል። እዚህ የምንገመግመው መርካቶና ፒያሳ ዙሪያ ለዚሁ ችግር ተብለው የሚገዙ ዕቃዎችን ነው። ዋጋ አናስቀምጥም፤ ከሳምንት ሳምንት ይለያያል። ከሁሉ በላይ የጠቀመው ግን ከርካሾቹ አንዱ ነው።

ኪስ ከመግባታችሁ በፊት ሬዲዮውን ራሱን ጠይቁት። ሁለት ጣቢያዎች መካከል ባዶ ቦታ ላይ አድርጉት፣ የአንቴናውን ሽቦ ንቀሉ፣ ከኋላ ያሉትን የአንቴናና የመሬት ቀዳዳዎች በአጭር ሽቦ አገናኙ። ጫጫታው ከጠፋ በአንቴና በኩል የሚገባ የውጭ እንግዳ ነው። ካልጠፋ ድምፁን እስከ ዜሮ ቀንሱ። ዜሮ ላይም የሚንጣጣ ከሆነ ችግሩ ከድምፅ መቆጣጠሪያው በኋላ ነው፤ የመጨረሻው ቫልቭ፣ የድምፅ ትራንስፎርመሩ ወይም ትልልቆቹ ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ አጠራቃሚዎች) ይጠረጠራሉ። ድምፁ ሲቀነስ አብሮ ካነሰ ደግሞ ከዚያ በፊት ያለ ቫልቭ፣ ሬዚስተር ወይም በመብራት ሽቦው የሚገባ ጫጫታ ነው። ይህች ፍተሻ ሁለት ደቂቃ አትፈጅም፤ ከዚህ በታች ከተዘረዘሩት ዕቃዎች የትኛው እንደሚያስፈልጋችሁም የምትለየው እሷ ናት።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ቫልቮቹ በ«ዩ» የሚጀምሩ ከሆነ፣ ለምሳሌ ዩ ሲ ኤል 82 እና ዩ ዋይ 85፣ ሬዲዮው የመብራት ትራንስፎርመር የለውም ማለት ነው። ቻሲሱ፣ ማለትም ዕቃዎቹ የተገጠሙበት ብረት፣ በቀጥታ ከመብራት ሽቦ ጋር ይገናኛል፤ ስፒናው ተገልብጦ ከተሰካ ብረቱ 220 ቮልት ላይ ይቆማል። እንዲህ ያለውን ያለ አይሶሌሽን ትራንስፎርመር (ሬዲዮውን ከመብራት መስመሩ የሚለይ) አትክፈቱት። የአንቴናና የመሬት ቀዳዳዎቹን ከቻሲሱ የሚለዩት ካፓሲተሮችም አርጅተው ሊሆን ስለሚችል፣ ሽቦ የምትነካኩት ስፒናው ተነቅሎ ሳለ ብቻ ይሁን።

አሁን ወደ ገበያው። የመጀመሪያው ግዢ ትንሿ የኪስ ሬዲዮ ናት። መደርደሪያ ላይ የምታዩአቸው አብዛኞቹ ፍላሽና ሚሞሪ የሚያጫውቱ፣ በቻርጀር የሚሞሉ ናቸው፤ እነሱ ለዚህ ሥራ አይሆኑም። የፍላሽ ማጫወቻቸው ራሱ ጫጫታ ይረጫል፣ ብዙዎቹም ኤ ኤም የላቸውም። የሚፈለገው ሁለት ባትሪ ድንጋይ የምትወስድ፣ ኤ ኤም ያላት፣ ጣቢያዋ በጣት በሚዞር ጎማ የሚፈለግ፣ መርፌ ያላት ቀላል ሬዲዮ ነው። ሻጩ ባትሪ አስገብቶ እንዲከፍትላችሁ ጠይቁ። ኤ ኤም ላይ ባዶ ቦታ አግኙና ወደ በራው የኤል ኢ ዲ አምፖል ወይም ወደ ሻጩ የስልክ ቻርጀር አስጠጓት። ስትጠጋ ጮኻ ስትርቅ ካነሰች ጤነኛ ናት። የትም ብትሆን እኩል ከጮኸች ወይም ምንም ካልሰማች ተዋት።

የምትሠራው እንዲህ ነው። በረዥም ጎኗ የተጋደመ ጥቁር የፌራይት ዘንግ ውስጧ አለ፤ የኤ ኤም አንቴናዋ እሱ ነው። ዘንጉ በጫፉ ወደ ምንጩ ሲያነጣጥር ድምፁ ይወርዳል፣ በጎኑ ሲገጥመው ይጮኻል። አቅጣጫ ስትፈልጉ ጩኸቱን ሳይሆን ጸጥታውን ተከተሉ፤ ጩኸቱ ሰፊ ነው፣ ጸጥታው ግን ጥቂት ዲግሪ ላይ ብቻ ስለሚገኝ በትክክል ይጠቁማል። ሁለት ቦታ ላይ ቆማችሁ ጸጥታው የሚያመለክትበትን መስመር ብታስታውሱ፣ መስመሮቹ የሚገናኙበት አካባቢ ምንጩ አለ። ይህ ዘዴ ደጅ ነው የሚሠራው። ቤት ውስጥ በግድግዳው የሚያልፈው ሽቦ ጫጫታውን ተሸክሞ ስለሚዞር አቅጣጫው ያሳስታል፤ እዚያ በቅርበት ብቻ ሂዱ። ሬዲዮዋን ከእያንዳንዱ ዕቃ በአንድ ክንድ ርቀት ያዙ፣ ድምፁን አስተውሉ፣ ዕቃውን አጥፉ፣ እንደገና አዳምጡ።

ከዚያ ዋናው ፍተሻ ይከተላል። የኪስ ሬዲዮዋን የቫልቭ ሬዲዮው የሚቀመጥበት ቦታ ላይ አድርጉና ዋናውን ብሬከር አውርዱ። እሷ በባትሪ ስለምትሠራ ማዳመጧን አታቋርጥም። ጫጫታው አብሮ ከጠፋ ምንጩ እናንተው ቤት ነው፤ ብሬከሮቹን አንድ በአንድ እየመለሳችሁ የትኛው መስመር እንዳመጣው ለዩ፣ በዚያ መስመር ላይ የተሰኩትን ደግሞ አንድ በአንድ ንቀሉ። ቻርጀር ስልክ ባይሰካበትም ይነቀል። ዲሽ ሪሲቨርና ቴሌቪዥን በሪሞት ሲጠፉ ኃይል መቀበላቸውን አያቆሙምና ስፒናቸው መነቀል አለበት። ብሬከሩ ወርዶም ጫጫታው ከቀጠለ ምንጩ ጎረቤት ወይም መንገድ ላይ ነው። ሰፈሩ ሙሉ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሬዲዮዋን ለማንሳት አትዘግዩ። በመብራት መጥፋት የሚገኝ ጸጥታ ለቫልቭ ሬዲዮ ሠሪ የማይገኝ የመለኪያ ዕድል ነው፤ ጄኔሬተሮችና ኢንቨርተሮች እስኪነሡ ድረስ ያሉት ጥቂት ደቂቃዎች የሰፈራችሁ እውነተኛ ጸጥታ ምን ያህል እንደሆነ ያሳዩአችኋል።

ሁለተኛው ብዙ የሚገዛ ዕቃ «ፊልተር ያለው» ተብሎ የሚሸጠው ዲቫይደር ነው። እዚህ ላይ አቋማችን ጥብቅ ነው፤ ውስጡን ሳታዩ አትግዙ። በካቻቪቴ ሲከፈት በአብዛኛው የሚገኘው አንድ ክብ፣ ሳንቲም የሚያክል ሰማያዊ ወይም ቢጫ ነገር ነው። እሱ ቫሪስተር ይባላል። ሥራው ድንገተኛ የቮልቴጅ ጭማሪን መዋጥ ነው፤ በጎርፍ ጊዜ እንደሚከፈት ቦይ ልትቆጥሩት ትችላላችሁ። የሬዲዮ ጫጫታን ግን አይነካም፤ ቮልቴጁ ጤነኛ እስከሆነ ድረስ እንደሌለ ነው። እውነተኛ ፊልተር ሲከፈት አንድ የፌራይት ቀለበት ላይ ለየብቻ የተጠመጠሙ ሁለት የመዳብ ሽቦዎች ይታያሉ፤ ከጎናቸው «ኤክስ 2» የሚል ጽሑፍ ያለበት 0.1 ማይክሮ ፋራድ አካባቢ የሆነ አራት ማዕዘን ካፓሲተር፣ እንዲሁም ከሁለቱም መስመር ወደ መሬት የሚሄዱ «ዋይ 2» የተጻፈባቸው ከ2.2 እስከ 4.7 ናኖ ፋራድ የሆኑ ትንንሽ ካፓሲተሮች። ቀለበቱ ከሌለ ፊልተር የለም።

ከአዲሱ ዲቫይደር ይልቅ ምን አለሽ ተራ ሂዱ። ከተፈታ ፎቶኮፒ ማሽን፣ ከአሮጌ ኮምፒዩተርና ከላቦራቶሪ ዕቃ የወጣ፣ በብረት ሣጥን የታሸገ የመብራት ፊልተር እዚያ ፈልጉ። ጀርባው ላይ አምፔሩ፣ 250 ቮልቱ፣ የውስጡ ሥዕል ሳይቀር ታትሞ ይገኛል፤ 3 አምፔሩ ለሬዲዮ ከበቂ በላይ ነው። በቴስተር ከመግቢያ እስከ መውጫ ሁለቱም መስመሮች መቀጠላቸውን፣ ከመስመር ወደ ብረት ሣጥኑ ደግሞ ምንም አለመቀጠሉን ፈትሹ። ወደ ሣጥኑ ጥቂት ኦም ካሳየ የውስጥ ካፓሲተሩ ተቃጥሏልና አትውሰዱት።

በዚህ ዕቃ ላይ ያለው እውነተኛ ችግር የመሬት ሽቦ ነው። መሀል ከተማ ባሉ ብዙ አሮጌ ቤቶች ሶኬቱ የመሬት ብረት ቢኖረውም ከኋላው ሽቦ የለም። መሬት በሌለበት ሁለቱ የ«ዋይ» ካፓሲተሮች ቮልቴጁን ለሁለት ይከፍሉታል፤ የፊልተሩ ብረት ሣጥን 110 ቮልት አካባቢ ላይ ይንሳፈፋል። በ4.7 ናኖ ፋራድ የሚያልፈው 0.3 ሚሊ አምፔር ገደማ ስለሆነ አይገድልም፣ ግን እጅን ይነዝራል፤ ጫጫታውም የሚፈስበት መሬት ስላጣ ፊልተሩ ግማሽ ሥራውን ብቻ ይሠራል። ስለዚህ መሬቱን መጀመሪያ አሠሩ። የውኃ ቧንቧ ላይ ማሰር መፍትሔ አይደለም፤ ዛሬ ብዙው ቧንቧ ፕላስቲክ ነው፣ ብረት ከሆነም ጎረቤት እጁን ሲታጠብ ይነዝረዋል።

ፊልተሩ የት ይገባል? ብዙ ሰው ሬዲዮው ላይ ያደርገዋል። ያ የሚጠቅመው አንቴናና መሬት ተገናኝተው ጫጫታው ካልጠፋና ውስጣዊ አለመሆኑ ከታወቀ ብቻ ነው። በአንቴና ለሚገባው ግን ሬዲዮው ጋ የተቀመጠ ፊልተር በመስኮት የሚገባን አቧራ በር ዘግቶ እንደ መከላከል ነው። ፊልተሩን ጫጫታ አውጪው ዕቃ ጋ አድርጉት፤ ሽቦው ላይ ሳይወጣ እዚያው ይታፈን።

በኮምፒዩተር መለዋወጫ ሱቅ የሚገኙት በገመድ ላይ ጠቅ ብለው የሚዘጉ የፌራይት ቁልፎች ለመካከለኛ ሞገድ ገንዘብ ማባከን ናቸው። ገመዱ አንዴ ብቻ ያልፍባቸዋል፤ የፌራይት ጉልበት ደግሞ በዙሩ ቁጥር ካሬ ነው የሚያድገው። ሦስት ዙር ዘጠኝ እጥፍ፣ አሥር ዙር መቶ እጥፍ ይሆናል። ለዚህ ምርጡ ዕቃ ቆሻሻ ተብሎ የተጣለው ነው፤ የአሮጌ ባለ ከርስ ቴሌቪዥን የጠርሙስ አንገት ላይ የሚቀመጠው ትልቅ የፌራይት ቀለበት። ቆራሌዎች የሚሸጡት ቀድሞ የተፈታውን ስለሆነ እሱን ግዙ፤ ቴሌቪዥን ራሳችሁ አትክፈቱ፣ ስፒናው ከተነቀለ በኋላም ጠርሙሱ ኃይል ይዞ ይቆያል። የመዳብ ጥምጥሙን አስወግዳችሁ የቻርጀሩን ወይም የሪሲቨሩን ገመድ ቀለበቱ ላይ አሥር ጊዜ ጠምጥሙት። ቀለበቱ ለሁለት የሚከፈል ነውና ሲመለስ ፊቱ በደንብ ይግጠም፤ የወረቀት ውፍረት ያህል ክፍተት እንኳ ጉልበቱን ይቀንሰዋል። በፕላስቲክ ማሰሪያ ጠበቅ አድርጉት። ከዚህ ሁሉ ዕቃ ለወጪው ብዙ የመለሰው፣ ከኪስ ሬዲዮዋ ቀጥሎ፣ ይህ ነው።

አምፖል ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ብዙ ጫጫታ ከዚያ ይመጣል። በኤል ኢ ዲ አምፖል ውስጥ ሁለት ዓይነት አሠራር አለ። አንደኛው በሰከንድ አሥር ሺዎች ጊዜ እየከፈተና እየዘጋ ኃይል የሚቀንስ ነው። መነሻው ዝቅተኛ ቢሆንም ብዜቶቹ መካከለኛውን ሞገድ ከዳር እስከ ዳር ያዳርሳሉ፤ አምራቹ ፊልተሩን ለመቆጠብ ከተወው ሬዲዮው ያለቅሳል። ሁለተኛው ያለ መክፈትና መዝጋት፣ ትርፉን ወደ ሙቀት እየለወጠ የሚሠራ ነው። ይሄኛው ለሬዲዮ ጸጥተኛ ነው፤ ጉድለቱ ብርሃኑ በስልክ ካሜራ ሲታይ ሊርገበገብ መቻሉ ነው። ካርቶኑ ላይ ይህ አይጻፍም፣ የምርት ስሙም አያረጋግጥም። እዚህ አገር ግን ሻጩ አምፖል ሳያበራ አይሸጥም፤ ይህን ልማድ ተጠቀሙበት። መሞከሪያው ላይ ሲያበራ የኪስ ሬዲዮዋን በ30 ሴንቲሜትር ርቀት ያዙና ሁለት ሦስት ዓይነት አወዳድሩ። የሱቁ ሌሎች መብራቶች ስለሚረብሹ ልዩነቱን እንጂ ጠቅላላ ድምፁን አትመልከቱ። ቻርጀርም እንዲሁ ነው፤ አስመስለው የሚሠሩት መጀመሪያ የሚቆጥቡት የጫጫታ መከላከያውን ነው። ስታቢላይዘር ካላችሁ ደግሞ ባለ ሪሌው ቮልቴጅ ሲዋዥቅ «ጠቅ» ያሰኛል፤ ባለ ሞተሩ የካርቦን ብሩሹ ሲያረጅ ቆሎ እንደሚቆላ ያንጣጣል፤ ለእሱ መድኃኒቱ ብሩሹን መለወጥ ነው።

ሬዲዮው ውስጥ የሚገቡ ዕቃዎችን በተመለከተ መጀመሪያ የሚገዛው የ«ኤክስ 2» እና የ«ዋይ 2» ካፓሲተር ነው። በመብራቱ ሁለት ሽቦዎች መካከል የተቀመጠ አሮጌ የወረቀት ካፓሲተር ካለ በ0.1 ማይክሮ ፋራድ «ኤክስ 2» ይለወጥ። ተራ ካፓሲተር፣ ምንም ያህል ቮልት ቢጻፍበት፣ እዚያ ቦታ አይገባም፤ ሲበላሽ ሁለቱን ሽቦዎች አገናኝቶ ሊነድ ይችላል። የአውሮፓ ሬዲዮዎች አንዳንዶቹ የመብራቱን ሽቦ እንደ አንቴና የሚጠቀም ትንሽ ካፓሲተር አላቸው፤ በዚያ ዘመን ብልሃት ነበር፣ ዛሬ የሰፈሩን ቻርጀር ሁሉ በቀጥታ ወደ አንቴናው የሚያስገባ በር ሆኗል። ንቀሉት።

ጣቢያ ላይ ሲሆን ብቻ የሚመጣ፣ ባዶ ቦታ ላይ የሚጠፋ ጉርምርምታ ሌላ በሽታ ነው። ማጣሪያ የሚባሉትን ትልልቆቹን ካፓሲተሮች መለወጥ አያድነውም። ምክንያቱ በመብራት ሽቦው የገባው የጣቢያው ሞገድ በሬክቲፋየሩ (ኤሲውን ወደ ዲሲ በሚለውጠው ቫልቭ) በኩል ሲያልፍ በ50 ኸርዝ እየተቆራረጠ መመለሱ ነው። ሬክቲፋየሩ ኢ ዜድ 80 ከሆነ ከሁለቱ አኖዶች ወደ ቻሲስ አንድ አንድ 10 ናኖ ፋራድ፣ 2 ኪሎ ቮልት የሚችል ካፓሲተር ይደረጋል። ከባዶ ጋርም ከጣቢያ ጋርም ያለው ጉርምርምታ ግን የትልልቆቹ ካፓሲተሮች ነው፤ በ47 ማይክሮ ፋራድ 450 ቮልት ይለወጣሉ። ለኢ ዜድ 80 ከ50 ማይክሮ ፋራድ በላይ አትጨምሩ፣ ቫልቩን ይጎዳል። ካፓሲተሮቹን ከመንካታችሁ በፊት የያዙትን ኃይል በ10 ኪሎ ኦም 5 ዋት ሬዚስተር አፍስሱና በቴስተር ዜሮ መድረሱን አረጋግጡ።

ለመንጣጣት በመጀመሪያ የቫልቭ እግሮችን ነው የምናጸዳው። ለዝገት ማላቀቂያ የሚሸጠው ዘይታማ ስፕሬይ አይሆንም፤ ቅባቱ ቀርቶ አቧራ ይሰበስባል። የኤሌክትሪክ መገናኛ ማጽጃ ተብሎ የሚሸጠውን፣ የሚተንነውን ጠይቁ። መንጣጣቱ ካልቆመ የመጨረሻው ቫልቭ ኢ ኤል 84 ላይ 2ኛውን እግር ለኩ። ከቻሲስ አንጻር ዜሮ መሆን አለበት፤ አንድ ቮልት እንኳ ወደ ላይ ከሄደ ከፊቱ ያለው 10 ወይም 22 ናኖ ፋራድ ካፓሲተር ያፈሳል፣ በ630 ቮልቱ ፊልም ለውጡት። አሜሪካ ሠራሽ ሬዲዮ ላይ ያለ ዝናብ ነጎድጓድ የሚመስል ድምፅ ካለ፣ በ455 ኪሎ ኸርዞቹ የብረት ጣሳዎች (የመካከለኛ ፍሪኩዌንሲ ትራንስፎርመሮች) ሥር ያለው የብር ቅብ ማይካ ተበልቷል ማለት ነው። ይህን የሚያድን ስፕሬይ የለም፤ ጣሳው ተከፍቶ በአዲስ ካፓሲተር ይተካል።

ምንጩ ጎረቤት ከሆነ የኪስ ሬዲዮዋ ምስክር ትሁናችሁ። «ጋሼ፣ አምፖልዎ እያስቸገረኝ ነው» ከማለት ሬዲዮዋን ይዞ ገብቶ፣ አምፖሉ ሲበራና ሲጠፋ እሳቸው ራሳቸው እንዲሰሙ ማድረግ ይሻላል። የተፈተሸ ጸጥተኛ አምፖል በእጃችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ ወጪው ከማንኛውም ፊልተር ያንሳል። መንገድ ላይ ደግሞ ብየዳ ቤት በሥራ ሰዓት ብቻ ይሰማል። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር የሚሄደው በ750 ቮልት ዲሲ ነው፤ ሐዲዱ አጠገብ ከሆናችሁ ባቡሩ ሲያልፍ ለጥቂት ሰከንድ የሚመጣ መንጣጣት ከላይኛው ሽቦ ብልጭታ ሊሆን ይችላል፣ ለእሱ የሚገዛ ነገር የለም። ቀንና ሌሊት የማያቋርጥ፣ በበጋ አቧራ የሚብስ፣ በዝናብ የሚለወጥ ዝዝታ የምሰሶ ስኒ (የመብራት ሽቦውን ከምሰሶው የሚለየው ሸክላ) ምልክት ነው። ምሰሶውን አትምቱ፣ አትነቅንቁ፤ የትኛው እንደሆነ ለዩና ለመብራት ኃይል አመልክቱ።

ኤፍ ኤም ላይ ለሚጨነቁም አንድ ነገር። የ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የጀርመን ሬዲዮዎች ኤፍ ኤማቸው በአብዛኛው 100 ሜጋ ኸርዝ ላይ ያበቃል። 97.1 ይገባል፣ 98.1 ይገባል፤ ሸገር 102.1 ላይ ሹሹታ ብቻ ቢሰማ ሬዲዮው አልተበላሸም።

ሁሉ ተሞክሮ የማይነካ ጎረቤት ሲቀር ፍሬም አንቴና ሥሩ። በእንጨት መስቀል ላይ፣ ጎኑ 60 ሴንቲሜትር በሆነ ካሬ፣ በፕላስቲክ የተሸፈነ ሽቦ 10 ዙር፣ በዙሮቹ መካከል 6 ሚሊ ሜትር፤ ለአሥሩ ዙር 25 ሜትር ሽቦ ይበቃል። ጫፎቹ ከተፈታ ሬዲዮ በወጣ 500 ፒኮ ፋራድ ተዟዟሪ ካፓሲተር ላይ ይታሰራሉ። ከውጭ አንድ ዙር ለብቻው ጠምጥማችሁ ጫፎቹን ወደ ሬዲዮው የአንቴናና የመሬት ቀዳዳ አስገቡ። ካፓሲተሩን ቀስ ብላችሁ ስታዞሩ ጣቢያው በአንድ ነጥብ ላይ ድንገት ይጎላል። የታችኛው ጣቢያ ላይ ካልደረሰ አንድ ዙር ጨምሩ፣ የላይኛው ላይ ካልደረሰ አንድ ቀንሱ። ከ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ወዲህ የተሠሩ ብዙ የጀርመን ሬዲዮዎች ደግሞ በቁልፍ የሚዞር የፌራይት ዘንግ ውስጣቸው አለ፤ ሽቦ ከመግዛታችሁ በፊት የሚያዞረው ገመድ አለመበጠሱን እዩ። በሁለቱም ሥራው አንድ ነው፤ ጣቢያው እስኪጎላ ሳይሆን ዝዝታው እስኪሞት አዙሩና እዚያው ተዉት።